ናይስ ሰው ማለት ጅል ሰው ነው እንዴ?

ጥያቄ፦ ልጆቼ ከጠዋት እስከ ማታ «ናይስ ነው» ይላሉ። ጫማው ናይስ፣ ማኪያቶው ናይስ፣ ሰውየው ናይስ። አንድ የእንግሊዝኛ መምህር ግን «ቃሉ ድሮ ጅል ማለት ነበር» አሉኝ። እውነት ነው? ከሆነስ ሰውን ናይስ ማለት መስደብ አይሆንም? እንዲህ የተገለበጠ ቃል በአማርኛስ አለ?

መልስ፦ መምህሩ ልክ ናቸው። ስድብ ግን አይሆንም፤ ልጆችዎን አይቆጧቸው።

የቃሉ ሥር ላቲን ነው። «ኔስኪዩስ» የማያውቅ ማለት ነው። «ኔ» አፍራሽ ናት፤ «ስኪሬ» ደግሞ ማወቅ። ሳይንስ የሚለው ቃልም የመጣው ከዚሁ ከ«ስኪሬ» ነው። ናይስና ሳይንስ ሥጋ ዘመዳሞች ናቸው ቢባል ማን ያምናል? እንግሊዞች ናይስን ከፈረንሳይኛ የወሰዱት እ.ኤ.አ. በ1300 ገደማ ሲሆን፣ ያኔ ትርጉሙ ቂል ነበር። በ14ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ባለቅኔ ቾሰርም በዚሁ ትርጉም ጽፎታል።

ከቂል ተነስቶ ጥሩ ላይ የደረሰው ግን ቀስ በቀስ ነው። መጀመሪያ ከንቱ ነገር ለሚወድ፣ ጌጥ ለሚያበዛ ሰው ይባል ጀመር። ቀጥሎ ይሄ ጎረበጠኝ፣ ያ ቆረቆረኝ ለሚል መራጭ ሰው ሆነ። መራጭ ሰው ደግሞ ሌላው የማያየውን ትንሽ ልዩነት ያያል። ስለዚህ በ16ኛው ክፍለ ዘመን «ረቂቅ፣ ጥንቃቄ የሚሻ» የሚል ትርጉም ይዞ እናገኘዋለን። «ደስ የሚል» የሚለው የተለመደው በ18ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ከዚያ በኋላ ማን ያቁመው! እ.ኤ.አ. በ1817 መጨረሻ በወጣው የጄን ኦስተን ልቦለድ ውስጥ አንድ ገጸ ባሕርይ፣ ቀኑም ናይስ፣ ሽርሽሩም ናይስ፣ እናንተም ናይስ እያለ በቃሉ ይቀልዳል። እንደ ልጆችዎ ማለት ነው። ድሮ ቃሉ የሚነገረው ምናልባት ለንጹሕና ለጨዋ ነገር ብቻ ነበር ሲልም ያስተምራል። የሚገርመው፣ እሱ ድሮ ያለው ራሱ ከቂልነት በኋላ የመጣውን ትርጉም ነው።

በአማርኛ አለ ወይ ላሉኝ፣ አለ እንጂ! አሁን የጻፍኩት «ጨዋ» ራሱ አንዱ ነው። ዛሬ ጨዋ የምንለው ሥርዓት ያለውን፣ አፉን የሚጠብቀውን ሰው ነው። በአብነት ትምህርት ቤት ግን ጨዋ ማለት ያልተማረ ነው። የቅኔ መምህሩ «እሱማ ጨዋ ነው» ካሉ ሰውየውን እያመሰገኑት አይደለም። ወደ ግእዝ ብንወርድ «ፄዋ» ምርኮ ነው። በመካከለኛው ዘመን፣ በእነ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ጊዜ፣ ጨዋ የሚባሉት የንጉሡ ጭፍሮች ነበሩ። ጭፍራው በየአገሩ ሲሰፍር ክብር አገኘ። «የጨዋ ልጅ» የሚለው አነጋገር የዚያ ክብር ርዝራዥ ይመስለኛል። ጭፍራ ደግሞ ቅኔ ቤት አይውልም፤ ካህናቱ ያልተማረ ቢሉት አይፈረድባቸውም። ምርኮኛ፣ ወታደር፣ ያልተማረ፣ ባለ ሥርዓት፦ አራቱንም አንድ ቃል ተሸክሟቸዋል። ናይስ እንኳ ይህን ያህል አልዞረም።

የተገላቢጦሹም አለ። የእንግሊዝኛው «ሲሊ» ጥንት ብፁዕ፣ የተባረከ ማለት ነበር፤ ዛሬ ቂል ነው። የእኛው «የዋህ»ም ወደዚያው እያዘገመ ነው። በማቴዎስ ወንጌል «የዋሆች ብፁዓን ናቸው» ተብሏል። መርካቶ ላይ ግን «የዋህ ነህ» ከተባሉ ኪስዎን ይፈትሹ።

እንግሊዝኛ ለሚተረጉሙ አንባቢዎች አንድ ነገር ልጨምር። በሕግና በፍልስፍና ጽሑፍ «ናይስ ዲስቲንክሽን» የሚል ካጋጠማችሁ «ጥሩ ልዩነት» ብላችሁ እንዳትጽፉ። እዚያ ቦታ ላይ የ16ኛው ክፍለ ዘመን ትርጉም ዛሬም አለ። «ረቂቅ ልዩነት» በሉት።