የሙከራ በረራ ሕግ ከየት ይጀመራል?

እህቴ፣ ጀርመን ውስጥ አውሮፕላን በሚያሻሽል ድርጅት ሥራ ጀምረሽ «የአውሮፓን የሙከራ በረራ ሕግ አንብቢ» እንደተባልሽና ከየት እንደሚጀመር ግራ እንደገባሽ ጽፈሻል። እኔም በዚሁ ሥራ 11 ዓመት ቆይቻለሁ፤ የመጀመሪያውን ዓመት ያባከንኩት ይህን ስም የያዘ አንድ ሰነድ ስፈልግ ነው። እንዲህ ያለ ሰነድ የለም። አውሮፕላኑ በአንድ ደንብ፣ አብራሪው በሌላ፣ ከጥገና በኋላ የሚደረገው በረራ ደግሞ በሦስተኛ ደንብ ነው የሚተዳደረው።

በደንብ 748/2012 ጀምሪ፤ ሰዉ ሁሉ «ፓርት 21» የሚለው እዚያ ውስጥ ነው። ያልጸደቀ የዲዛይን ለውጥ የተደረገበት አውሮፕላን በመደበኛው የብቁነት ምስክር ወረቀቱ አይበርም፤ የመብረር ፈቃድ ያስፈልገዋል። ጀማሪዎችን የሚያደናግረው ወረቀቱ ሁለት መሆኑ ነው። በቅድሚያ የበረራ ሁኔታዎቹ ይጸድቃሉ፦ አውሮፕላኑ በየትኛው የአየር ክልል፣ በምን ገደብ፣ ማንን አሳፍሮ እንደሚበር፣ ደኅንነቱስ በምን እንደተረጋገጠ። የዲዛይን ደኅንነት ጉዳይ ሲሆን ይህን የሚያጸድቀው የአውሮፓ ኅብረት የአቪዬሽን ደኅንነት ኤጀንሲ ወይም መብቱ የተሰጠው የዲዛይን ድርጅት ነው። ፈቃዱን ግን ብዙውን ጊዜ የየአገሩ ባለሥልጣን ይሰጣል፤ ለቢበዛ 12 ወር።

ቀጥሎ በ2015 (ዓመቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው) ወደ ፓርት 21 የገባውን አባሪ 12 ቀስ ብለሽ አንብቢ። የሙከራ በረራን በአራት ምድብ ይከፍላል። አዲስ ዓይነት አውሮፕላን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሣ ወይም የበረራ ወሰኑ (እንዲበርበት የተፈቀደው የፍጥነትና የከፍታ ክልል) ሲሰፋ ምድብ 1 ነው። ከፋብሪካ የወጣ፣ ዓይነቱ የጸደቀ አውሮፕላን ከገደቡ ሳያልፍ ሲፈተሽ ምድብ 3 ይሆናል። የእናንተ ሥራ በአብዛኛው የሚወድቀው በ2 እና በ4 መካከል ነው፦ ያልጸደቀ ለውጥ የተደረገበት አውሮፕላን አጠቃላይ የበረራ ጠባዩ መገምገም ካለበት 2፣ ካልሆነ 4፤ ጭቅጭቁም ያለው እዚያው ነው።

አንድ ጊዜ በአውሮፕላን ጀርባ ላይ ትልቅ የአንቴና ሽፋን ገጠምን። ክብደቱ ከቁም ነገር የሚገባ ስላልነበር ዕቅዱ ላይ «ምድብ 4» ብዬ ጻፍኩ። የሙከራ አብራሪው አንብቦ «እስከ ስንት ፍጥነት ነው የምወስደው?» አለኝ። ንዝረቱን ለማየት ቁልቁል እየወረደ ከመደበኛው ከፍተኛ ፍጥነት በላይ እንዲበር እኔው ራሴ ጽፌአለሁ! የአካሉ ቅርጽ ተለውጦ፣ በዚያ ፍጥነት ምን እንደሚያደርግ ገና ሳይታወቅ፣ ምድብ 1 እንጂ 4 ሊሆን አይችልም። ለዚያ ደግሞ በአብራሪዎች ፈቃድ ደንብ 1178/2011 አንቀጽ ኤፍሲኤል 820 የተደነገገው የሙከራ በረራ ብቃት ያለው አብራሪ ያስፈልጋል። ዕቅዱ ሦስት ወር ተጓተተ። ከዚያ ወዲህ የተጫነውን ዕቃ ሳይሆን ያልታወቀውን ነገር ነው የምመዝነው።

«ከጥገና በኋላ የሚደረገው በረራስ ሙከራ አይደለም?» ላልሽው፣ በሕግ ዓይን አይደለም። ጥንት ግን ይህ በረራ ባለቤት አልነበረውም። ኅዳር 27 ቀን 2008 (እንደ ፈረንጆቹ) ከኪራይ የሚመለስ ኤርባስ ኤ320 ለፍተሻ ሲበር በፈረንሳይ ፔርፒኛን አቅራቢያ ባሕር ውስጥ ወድቆ የነበሩበት ሰባቱም ሰዎች ሞቱ። አውሮፕላኑ ሲታጠብ ክንፉ ነፋሱን የሚቀበልበትን ማዕዘን የሚለኩ ሴንሰሮች ውስጥ የገባው ውኃ በአየር ላይ በረዶ ሆኖ ሁለቱን አግዷቸዋል፤ ሠራተኞቹም ይህን ሳያውቁ የዝቅተኛ ፍጥነት ፍተሻውን ያለ በቂ ከፍታ ሞከሩት። ዛሬ በደንብ 2019/1384 አማካይነት የጥገና ፍተሻ በረራ በበረራ ሥራ ደንቡ፣ በ965/2012፣ ውስጥ ገብቷል። ደረጃውም ሁለት ነው፤ የአደጋ ጊዜ ሥርዓቶችን መጠቀም የሚጠበቅበት «ሀ»፣ የቀረው «ለ»።

ነገ ጠዋት ግን ከእነዚህ ሁሉ በፊት የድርጅትሽን የበረራ ሙከራ ማኑዋል ጠይቂ። ምድቡን ማን እንደሚወስንና ማን እንደሚፈርም እዚያ ተጽፏል። ደንቦቹን ከማሻሻያዎቻቸው ጋር አጣምሮ ኤጀንሲው በነፃ ድረ ገጹ ላይ ያወጣቸዋል፤ ባልደረባ ከዓመታት በፊት አትሞ ያስቀመጠውን ጥራዝ አትቀበዪ።