ደብረ ማርቆስ ልቆይ ወይስ ባሕር ዳር ልሂድ? (መልስ)

በችርቻሮ ወይም በጅምላ ንግድ ሥራ አስኪያጅ ሆኜ ለመቀጠር የት ልፈልግ ብለህ ጠይቀሃል። ለችርቻሮ ከሆነ ባሕር ዳር ሂድ፤ ለጅምላ ከሆነ ግን እዚያው ጎጃም ገጠር ቀመስ ከተሞች ላይ ፈልግ። ማኔጅመንት ተመርቀህ ሱቅ ውስጥ 3 ዓመት ስለሠራህ ጅምላውን ብታስቀድም ይሻልሃል። የባሕር ዳር ትልልቅ ሱቆች ብዙዎቹ የሚመሩት በባለቤቱ ወይም በቤተሰቡ ነው፤ ለሌላ ሰው የሚተርፈው የሽያጭና የካሸርነት ቦታ ነው።

የእህሉ ጅምላ ግን መጋዘን የሚይዝ ሰው ይፈልጋል። እንዲህ አድርግ፦

1. ደብረ ማርቆስ ጎዛምን ዩኒየን፣ ፍኖተ ሰላም ዳሞት ዩኒየን (ሁለቱም የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ጥምረት ናቸው) በአካል ሄደህ የማስታወቂያ ሰሌዳውን እይ። ቡሬ ያሉትን የበቆሎ ነጋዴዎችም አትዝለል።
2. ማመልከቻህን በጥቅምት አስገባ። በቆሎው ገበያ ከወጣ በኋላ ማንም ወረቀት የሚያነብበት ጊዜ የለውም።
3. «ሥራ አስኪያጅ ነበርኩ» ብቻ አትበል። በወር ስንት ካርቶን ዘይት፣ ስንት ኩንታል ስኳር እንዳንቀሳቀስክ፣ በቆጠራ ጉድለትህ ስንት እንደነበር ጻፍ።

አደራ፣ ዕቃው በፊትህ ሳይቆጠርና ሳይመዘን ርክክብ ላይ አትፈርም። ለዚህ ሥራ ዋስ ይጠየቃል፤ ጉድለት ከመጣ ዋስህም አብሮ ይያዛል። በተለይ በቆሎ ላይ የእርጥበቱን መጠን በገቢ ደረሰኙ አስጽፍ፤ በ17 በመቶ እርጥበት የገባ አንድ ኩንታል 13 በመቶ እስኪደርስ ሲደርቅ 4 ኪሎ ተኩል ያህል ይቀንሳል። ካልተጻፈ ያ ኪሎ የሚቆረጠው ከደመወዝህ ነው።