የዕቁቤን ብር ባስገባ ባንኩ ለፖሊስ ይነግርብኛል?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ፒያሳ አካባቢ ትንሽ የልብስ ሱቅ አለችኝ። ሰሞኑን ዕቁብ ወጣልኝና 400 ሺህ ብር ይዤ ባንክ ሄድኩ። ገንዘብ ተቀባይዋ «ከየት ያገኙት ነው?» ብላ ፎርም አስሞላችኝ። ሰው ሁሉ ዞሮ ሲያየኝ ሌባ የተባልኩ ያህል አፈርኩ። ለፖሊስ ይነግሩብኝ ይሆን? ደግሞ አንድ ደንበኛዬ «በአንቺ አካውንት ብር ይግባልኝና አውጥተሽ ስጪኝ፤ ላንቺም የሚሆን አለ» ብሎኛል። ችግር ይኖረዋል?

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ወጣልሽ! ብሔራዊ ቲያትር አካባቢ ባለ ቅርንጫፍ መስኮት ላይ 19 ዓመት ሠርቻለሁ። የዕቁብ ብር መልኩ ያስታውቃል። አንዱ እስር በላስቲክ፣ ሌላው በክር ነው። አንዱ ጋ አዲስ ብር፣ ሌላው ጋ በርበሬ በርበሬ የሚሸት ይገኛል። ከብዙ እጅ የተሰበሰበ ነዋ! ልጅቷ ግን እያወቀችም መጠየቅ አለባት። ጥያቄው ሥራዋ ነው፤ ስድብ አይደለም።

ሕጉ በወንጀል የተገኘን ገንዘብ ሕጋዊ አስመስሎ ማቅረብን የሚከለክለው አዋጅ ነው። ባንኩ ገንዘቡ ከወንጀል የመጣ ነው ብሎ የሚያስጠረጥር በቂ ምክንያት ካየ ሪፖርት ያደርጋል። ሪፖርቱ የሚሄደው በቀጥታ ፖሊስ ጣቢያ ሳይሆን ፋይናንስ ደህንነት አገልግሎት ወደሚባል የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። እዚያ ይተነተንና ነገር ካለው ወደ መርማሪዎች ይተላለፋል። ከተወሰነ መጠን በላይ የሆነ ጥሬ ገንዘብ ደግሞ ጥርጣሬ ባይኖርም ይመዘገባል፣ ሪፖርትም ይደረጋል። ስለዚህ ስምሽ ወረቀት ላይ ሰፈረ ማለት ተከሰሽ ማለት አይደለም። «ሪፖርት አደረጋችሁብኝ ወይ?» ብለሽ ልጅቷን አታስጨንቂያት። ለደንበኛው መንገር በሕግ ክልክል ነው፤ ብትነግርሽ የምትጠየቀው እሷ ናት። ከዕቁቡ ዳኛ ወይም ጸሐፊ ቀንና መጠኑ ያለበት የተፈረመ ወረቀት ተቀብለሽ ከንግድ ፈቃድሽ ጋር አስቀምጪ። በቃ።

የሁለተኛው ጥያቄሽ ነገር ግን እንቅልፍ ነስቶኛል።

አንድ ልጅ ነበር፤ ተማሪ ነው። ባዶ በነበረ አካውንቱ በአንድ ጠዋት ከሦስት የተለያዩ ከተሞች ብር ገባ። ስድስት ሰዓት ሳይሞላ «ሁሉንም አውጡልኝ» አለ። «ማነው የላከልህ?» ስለው ዓይኑ በመስታወቱ ወደ ውጭ ሄደ። አስፋልቱ ዳር አንድ ሰውዬ ስልክ ይዞ ቆሟል። ልጁ የላኪዎቹን ስም እንኳ አያውቅም። የሚያውቀው ቃል የተገባለትን 3 ሺህ ብር ብቻ ነው። በኋላ አካውንቱ ታገደ። እናቱ መጥታ መስኮቴ ሥር ስታለቅስ ያየሁትን እስከ ዛሬ አልረሳውም።

ብሩ በስምሽ ገብቶ በፊርማሽ ሲወጣ ባለቤቱ አንቺ ነሽ። ተጭበርብሮ የተወሰደ ይሁን፣ የሙስና ይሁን አታውቂም። መጀመሪያ የምትጠሪው ግን አንቺ ነሽ። «ደንበኛዬ ነው ያለኝ» የሚለውን ቃል ብቻሽን ማስረዳት ይከብድሻል። ንጹህ ገንዘብ ከሆነ በገዛ አካውንቱ ያስገባ! ምን ከለከለው?

ዛሬውኑ «አይሆንም» በይው። ኤቲኤም ካርድሽንም፣ የሞባይል ባንክ ሚስጥር ቁጥርሽንም ለማንም እንዳትሰጪ። በቴሌግራም ጽፎልሽ ከሆነ መልእክቱን አታጥፊው። ብሩን ቀድሞ አስገብቶት ከሆነ ደግሞ ሳትነኪው ቅርንጫፉ ሄደሽ ለሥራ አስኪያጁ ንገሪው።