ለድረ ገጽ ሠሪ ቀዳሚው መሣሪያ የትኛው ነው?

ጥያቄ፦ የድረ ገጽ ሥራን በራሴ መማር ከጀመርሁ 8 ወር ሆኖኛል። ያለኝ 8 ጊጋባይት ራም ያለው አሮጌ ላፕቶፕ ነው። በሰፈራችን መብራት ደጋግሞ ይጠፋል፤ ኢንተርኔትም የማገኘው ከስልኬ የሞባይል ዳታ ነው። ጓደኞቼ ጠንካራ ኮምፒውተር እስክገዛ ድረስ ሥራ እንዳልቀበል ይመክሩኛል። እውን በዚህ ዕቃ መሥራት አይቻልም? የትኞቹን ፕሮግራሞችስ ልጫን? — ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ ይቻላል። የጓደኞችዎ ምክር ከቅንነት የመጣ መሆኑን ባልጠራጠርም አልስማማበትም፤ ድረ ገጽ መሥራት እንደ ቪዲዮ ቅንብር ኮምፒውተርን የሚያስጨንቅ ሥራ አይደለምና። በብራውዘሩ ላይ 30 ታብ ከፍተው ካልተዉ በቀር 8 ጊጋባይት ይበቃዎታል። ጥቂት ገንዘብ ሲያገኙም አዲስ ላፕቶፕ ከመግዛትዎ በፊት፣ ያለዎት በሃርድ ዲስክ የሚሠራ ከሆነ፣ ኤስኤስዲ በሚባለው ፈጣን ማከማቻ ያስቀይሩት።

ኮድ ለመጻፍ ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ ያደረገው ቪኤስ ኮድ በነፃ ይገኛል፤ ከእርሱ የተሻለ ፍለጋ ጊዜዎን አያባክኑ። አደራ የምልዎት፣ ‹ፋይል› ከሚለው ዝርዝር ውስጥ ሥራዎን በራሱ የሚያስቀምጠውን ‹ኦቶ ሴቭ› እንዲያበሩና የሚመከርልዎትን ኤክስቴንሽን (ተጨማሪ ቅጥያ) ሁሉ እንዳይጭኑ ነው።

ከሁሉ በፊት ግን የሥራዎን ለውጥ ደረጃ በደረጃ መዝግቦ የሚይዘውን ጊትን ይማሩ። የሊነክስ ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 ለሊነክስ ከርነል (ለሥርዓተ ክወናው እምብርት) ሥራ ብሎ የጻፈውን ይህን ፕሮግራም ብዙ ጀማሪዎች የጊት ሥራዎችን በኢንተርኔት ላይ ከሚያስቀምጠው ከጊትሀብ ጋር አንድ አድርገው ስለሚያዩት ያለ ኢንተርኔት የማይሠራ ይመስላቸዋል። ጊት ግን የሥራዎን ሙሉ ታሪክ እዚያው ላፕቶፕዎ ላይ የሚያስቀምጥ ስለሆነ ኮሚት ለማድረግ (ለውጡን ለመመዝገብ) ዳታ አያስፈልግዎትም፤ ኢንተርኔት የሚፈልጉት ማታ ላይ የቀኑን ሥራ ወደ ጊትሀብ ፑሽ ሲያደርጉ (ሲልኩ) ነው። እኔ ጊትን ከማወቄ በፊት ‹የመጨረሻ›፣ ‹የመጨረሻው መጨረሻ› እና ‹እውነተኛው መጨረሻ› የሚሉ ሦስት ፎልደሮች ነበሩኝ፤ ለደንበኛው የላክሁለት ከሦስቱ አሮጌውን ሆኖ ተገኘና ሁለት ቀን የደከምሁበትን ማስተካከያ ያላየው ሰው ክፍያውን ለመቀነስ ሲከራከረኝ የምመልሰው አጣሁ።

ጃቫስክሪፕትን ከብራውዘር ውጪ በሚያሠራው በኖድ ጄኤስ የሚሠሩ ከሆነ፣ የወረዱት ጥቅሎች (ሌሎች ጽፈው ያዘጋጇቸው ኮዶች) የሚከማቹበትን ‹ኖድ ሞጁልስ› የተባለ ፎልደር ከጊት ውጪ ያድርጉት፤ በመቶዎች በሚቆጠር ሜጋባይት ሊያብጥ ይችላል። ጥቅሎቹን የሚያወርደው ኤንፒኤም አንዴ ያወረደውን ጥቅል ግልባጭ በላፕቶፑ ላይ ስለሚያቆይ፣ ‹ፕሪፈር ኦፍላይን› ከሚለው አማራጭ ጋር ቢያዝዙት ያንኑ ጥቅል ለሌላ ሥራ ዳግመኛ አያወርድም።

የቀረው መሣሪያ ሳይጭኑት በእጅዎ ያለ ነው። ክሮምን ከፍተው ኤፍ12 የሚለውን ቁልፍ ሲጫኑ የሚመጣው ዴቭቱልስ፣ ‹ኔትወርክ› በሚለው ክፍሉ እያንዳንዱ ፋይል ስንት ኪሎባይት እንደሆነና በስንት ሰከንድ እንደደረሰ ያሳያል፤ መስመሩንም ሆን ብለው እንዲያዘገዩት ይፈቅድልዎታል። በስልክ የተነሣ 4 ሜጋባይት ፎቶ እንዳለ ገጹ ላይ ቢለጥፉት በሰከንድ 400 ኪሎቢት በሚያስተላልፍ መስመር 80 ሰከንድ ያህል ይፈጃል፤ ጎብኚው ደግሞ ይህን ያህል አይታገሥም። እርስዎ በሞባይል ዳታ መሥራትዎን እንደ ጉድለት ቆጥረውታል፤ ፈጣን መስመር ያለው ባልደረባዎ ግን ይህን ችግር ሳያየው ሥራውን ያስረክባል።

ጥያቄ፦ ለአንድ ሱቅ በሠራሁት ድረ ገጽ ደንበኞች በአማርኛ የጻፉት አስተያየት ሲነበብ በሙሉ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይመጣል። የትኛው ፕሮግራም ነው ያበላሸው? — ከሐዋሳ

መልስ፦ ፕሮግራም ከመቀየርዎ በፊት የብልሽቱን መልክ ይዩ፤ መልኩ ምክንያቱን ይናገራልና። ባዶ ሳጥኖች ቢመጡ ጉዳዩ ፎንት ነው፤ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን የመሰለ ነፃ ፎንት ከገጹ ጋር ማያያዝ ይበቃል። ጭረት ያረፈባት የላቲን ‹ኤ› (á) እየተደጋገመች የምትታይበት ዝብርቅርቅ ቢመጣ ደግሞ ጽሑፉ የዓለምን ፊደላት ሁሉ ወደ ባይት በሚቀይረው በዩቲኤፍ-8 ተቀምጦ እንደ ላቲን ፊደል እየተነበበ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ለፊደላት ሁሉ ቁጥር በሚሰጠው መስፈርት በዩኒኮድ 3.0 የገቡት ፊደሎቻችን በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዳቸው 3 ባይት ይይዛሉ፤ የሁሉም የመጀመሪያ ባይት አንድ ዓይነት ስለሆነ ነው ያች ‹ኤ› የማትጠፋው። ይህኛው ብዙ ጊዜ ይስተካከላል።

የጥያቄ ምልክት ግን ፊደሉ እርሱን የማያውቅ አንድ ቦታ ላይ ተጥሎ በምትኩ የገባ ነው። ማይኤስኪዩኤል የተባለው ዳታቤዝ (የድረ ገጹ መረጃ ማከማቻ) እ.ኤ.አ. በ2018 ከወጣው ስሪት 8.0 በፊት ያለ ተጨማሪ ትእዛዝ የሚጠቀመው የአማርኛ ፊደል የሌለበትን ላቲን-1ን ስለነበር የመጀመሪያው ተጠርጣሪ እርሱ ነው። ሠንጠረዦቹን ወደ ዩቲኤፍ-8 ኤምቢ-4 (utf8mb4፣ በማይኤስኪዩኤል ሙሉው ዩቲኤፍ-8) ይቀይሩ፤ ድረ ገጹ ከዳታቤዙ ጋር የሚገናኝበትንም መስመር በዚሁ ይክፈቱ፤ ብዙ ሰው የሚረሳው ይህን ሁለተኛውን ነው። የቆየውን አስተያየት በተመለከተ፣ ግንኙነቱን ካስተካከሉ በኋላ ሠንጠረዡን በቀጥታ ከፍተው ይመልከቱ። አማርኛው ከታየዎት ጥፋቱ በማንበብ ጊዜ የመጣ ነበርና ጽሑፉ ደኅና ነው፤ እዚያም የጥያቄ ምልክት ከሆነ ግን ሊመልሰው የሚችል መሣሪያ ስለሌለ፣ ለባለ ሱቁ ዛሬውኑ ይንገሩት።