አልፕስ መንደር መቼ ይኬዳል?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ስዊዘርላንድ፣ በርን ከተማ የምትኖር ታላቅ እህቴ ለሁለት ሳምንት ጋብዛኛለች። ከዚያ ውስጥ ጥቂቱን ቀን አልፕስ ላይ፣ ሙረን በምትባል መንደር ልናሳልፍ አስበናል። እህቴ «ሜይ ላይ ነይ፣ ማረፊያ ይረክሳል» ትላለች። ባለቤቴ ደግሞ «በረዶ ሳታዪ ከተመለስሽማ ምኑን ሄድሽው!» ይላል። ስኪ (በረዶ ላይ መንሸራተት) አልችልም፣ ተራራ መውጣትም ልምድ የለኝም። እርስዎ እዚያው ሠርተው ስለኖሩ የትኛውን ወቅት ይመክሩኛል?
ሰብለ ነኝ

መልስ፦ ሰብለ፣ ወራቱን በፈረንጆቹ ስም ነው የምጠራልሽ፤ የባቡሩም የሆቴሉም ሰሌዳ በዚያ ነውና።

ሜይን ተዪው። ይረክሳል መባሉ እውነት ነው፤ የሚረክሰው ግን አብዛኛው ቤት ስለሚዘጋ ነው። ሙረን 1,638 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ከላውተርብሩነን ሸለቆ በላይ ገደል አፋፍ ላይ ያለች፣ ጎብኚ በመኪና የማይገባባት ትንሽ መንደር ናት። ኑሮዋ በሁለት ሰሞን ላይ ቆሟል፦ ከዲሴምበር አጋማሽ እስከ ፋሲካ አካባቢ የስኪው፣ ከጁን እስከ ኦክቶበር የእግረኛው። በሁለቱ መካከል ሆቴሎቹ ሠራተኛውን ፈቃድ ያስወጣሉ፣ በገመድ ተንጠልጥለው ሰው የሚያመላልሱት ኬብል ካሮችም ተራ በተራ ለጥገና ይቆማሉ። እኔ እዚያ ሆቴል ወጥ ቤት በሠራሁበት ጊዜ፣ አንድ የሜይ ቀን ወንበሮቹን ጠረጴዛ ላይ ገልብጠን የጭስ ማውጫውን ቅባት ስንፈትግ፣ ሻንጣ የሚጎትቱ ባልና ሚስት እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ደግነው በመስታወቱ ወደ ውስጥ ያዩናል። ያንኳኩት በር ሁሉ ዝግ ሆኖባቸው ነው። ቡና አፍልተን ሰጠናቸው። እራትና አልጋ ግን ከየት ይምጣ? እኛም በማግስቱ ልንወርድ ነበር። ኖቬምበርም እንደዚሁ ነው፣ ያውም ያለ አበባ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። እዚያ አገር ወቅትን የሚወስነው ወሩ ብቻ አይደለም፣ የቆምሽበት ከፍታም ነው። መቶ ሜትር ሽቅብ በወጣሽ ቁጥር በአማካይ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ይቀዘቅዛል። የሸለቆው ወለል 800 ሜትር ገደማ ነው፣ ከሙረን በላይ ያለው የሺልትሆርን ጫፍ ደግሞ 2,970 ሜትር። ስለዚህ ሜይ ላይ ታች ፖም ሲያብብ፣ ሙረን ጥላ ጥላውን በረዶ ይዛ ትቆያለች፣ ጫፉ ላይ ደግሞ ገና ክረምት ነው። በአንድ ቀን ሦስቱንም ታያለሽ፣ ኬብል ካሩ ከሠራ!

የእህትሽ ፈቃድ ከሜይ ውጭ የማይሆን ከሆነ እንግዲህ ታች ላውተርብሩነን እደሩ። ዓመቱን ሙሉ የሚሠሩ ማረፊያዎች እዚያ አሉ፣ በረዶው ሲቀልጥም ከየገደሉ የማይወርድ ውኃ የለም። ሽታውብባህ የሚሉት ፏፏቴ ከ297 ሜትር ላይ ነው የሚወረወረው። ያን ሰሞን ገደሉን ሞልቶ ይወርዳል፣ መጸው ሲያልቅ ግን ይቀጥንና ነፋስ መንገድ ላይ ይበትነዋል። ከመንደሩ ወጣ ብሎ ትሩመልባህ አለ። ከሦስቱ ተራሮች፣ ከአይገር፣ ከሞንሽና ከዩንግፍራው ግግር በረዶ የሚቀልጠውን ውኃ ይዞ ተራራው ሆድ ውስጥ ለውስጥ ነው የሚወርደው፤ ሲበረታ በሴኮንድ እስከ 20,000 ሊትር ይደርሳል። በአሳንሰር ዋሻው ውስጥ ትገቢያለሽ። ድምፁ ከእህትሽ ጋር አያነጋግርሽም፣ የዝናብ ልብስ ካልያዝሽም ርሰሽ ነው የምትወጪው።

ጁላይና ኦገስት? ያምራል፣ ሰውም ይበዛል። ድርቆሽ የሚታጨድበት ጊዜ ስለሆነ ሽታው ደስ ይላል። ከሰዓት በኋላ ግን ነጎድጓድ ይወዳል፣ በመጀመሪያው ኬብል ካር ወጥታችሁ ለምሳ መውረድ ነው።

እኔን ከጠየቅሽኝ ሴፕቴምበር አጋማሽ ነው። መንገዱ ከበረዶ ነጻ ነው፣ ሆቴሉ ክፍት ነው፣ የትምህርት ቤት ዕረፍት አልቆ ሕዝቡ ቀለል ብሏል። በጁን ወደ ላይኛው ግጦሽ የወጡት ላሞችም በዚሁ ወር ይወርዳሉ። ወጉን የጠበቀ ገበሬ ከሆነ ግንባራቸው ላይ አበባ አስሮ፣ አንገታቸው ላይ ትልልቁን ቃጭል አንጠልጥሎ ነው የሚያወርዳቸው። ላሞቹ ላይ በሰነበቱባቸው ወራት የተሠራው አይብም ከየጎጆው አብሮ ይወርዳል፣ በዚያ ሰሞን ሳትቀምሺ እንዳትመለሺ። ባለቤትሽ የሚለው በረዶም አይቀርብሽም። ከሙረን ሰገነት ፊት ለፊት አይገር (3,967 ሜትር) እና ዩንግፍራው (4,158 ሜትር) ተገትረዋል፣ ዩንግፍራው ከነጭ ልብሷ የምትወጣበት ወር የለም። ሺልትሆርን በኬብል ካር ብትወጪ ደግሞ አዲስ የጣለ በረዶ ሊገጥምሽም ይችላል።

ወደ ኦክቶበር ከገፋ አንድ ነገር እወቂ፦ በርን ላይ ጠዋት መስኮት ከፍታችሁ ጉም ብቻ ብታዩ ጉዞውን አትሰርዙ። በዚያ ወቅት ቀዝቃዛው አየር ቆላው ላይ ይተኛል፣ ሙረን ላይ ግን ፀሐይ ሊሆን ይችላል። ኬብል ካሮቹ ጫፍ ላይ ካሜራ አላቸው፣ ምስሉን ስልክሽ ላይ አይተሽ ወስኚ። ፎን የሚሉት ሞቃት ነፋስ ሲነሳ ግን ሰማዩ ጥርት ብሎም ኬብል ካሩ ሊቆም ይችላል።

ባለቤትሽ ካሸነፈ ጃንዋሪ መጨረሻ ይሁን። ፌብሩዋሪ ላይ የየአገሩ ትምህርት ቤት ዕረፍት ይጀምርና ዋጋው ይሰቀላል። ስኪ አለመቻልሽ አያሳስብ፤ ለእግረኛ ተጠቅጥቆ የተዘጋጀ የበረዶ መንገድ አለ፣ ምልክቱ ሮዝ ቀለም ነው። ተንሸራታች ጋሪም ይከራያል። ከሮዙ ምልክት ውጭ ግን አንድ እርምጃ እንዳትሄጂ፣ የበረዶ ናዳ ስጋት ከ1 እስከ 5 በሚደርስ ደረጃ በየቀኑ ይነገራል፣ «ዝግ ነው» የተባለ መንገድም ዝግ ነው።

ለትኬቱ፣ ለጎብኚ የሚሸጠውን የአንድ ወር የግማሽ ዋጋ ካርድ ግዢ። ተራራ ላይ መውጫው በፍራንክ ሲከፈል ያስደነግጣል።

ጥያቄ፦ የስድስት ዓመት ልጅ ይዘን በኦገስት ወደዚያው አካባቢ እንሄዳለን። በእግር የትኛውን መንገድ እንያዝ?
የአቤል አባት

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቢጫውን ምልክት ብቻ ተከተሉ። ነጭ-ቀይ-ነጭ የተቀባው ገደል ያለበት የተራራ መንገድ ስለሆነ እግሩ የጠና ሰው ይፈልጋል። ነጭ-ሰማያዊ-ነጩ ገመድ ይዞ ለሚወጣ ነው፣ እሱን እርሱት። ቢጫው ሰሌዳ ላይ የተጻፈው ሰዓት ዕረፍትን አይቆጥርም። አቤል ድንጋይ የሚለቅምበትን፣ ላም የሚያይበትንና «ደከመኝ» የሚልበትን አንተው ጨምርበት፤ አንድ ሰዓት የሚለውን ሁለት ብላችሁ ውጡ፣ የመጨረሻው ኬብል ካር ስንት ሰዓት እንደሚወርድም ገና ሳትነሱ ጠይቁ።