ለጣና ጀልባ የትኛው ሬድዮ ይሻላል?

ወንድሜ፣ ከባሕር ዳር ዘጌና ደቅ ለምትሄድባት ትንሽ ጀልባ በእጅ የሚያዝ ሬድዮ ይሻላል ወይስ የሚገጠም ብለሃል። እኔ የሚገጠመውን እላለሁ። በእጅ የሚያዘው የማስተላለፍ ኃይሉ 5 ወይም 6 ዋት ነው፤ የሚገጠመው 25 ይደርሳል። ግን ዋት ብቻ አያታልልህ። ቪኤችኤፍ፣ ማለትም እነዚህ የጀልባ ሬድዮዎች የሚጠቀሙበት ሞገድ፣ ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው፣ ስለዚህ ዋናው የአንቴናው ከፍታ ነው። የሁለት ጀልባ አንቴናዎች ከውሃው 3 ሜትር ከፍ ቢሉ በግምት እስከ 14 ኪሎ ሜትር ድረስ ይደማመጣሉ። ደቅ ሆነህ ባሕር ዳርን በዚህ አታገኝም።

ስትገጥም ገመዱን በቀጥታ ከባትሪው ሳብ፤ ፊውዙም እዚያው ባትሪው አጠገብ ይሁን። እኔ መጀመሪያ ቀጭን የቤት መብራት ሽቦ ነበር የዘረጋሁት። ሬድዮው ጥሩ ይሰማል፤ የመናገሪያውን ቁልፍ ስጫን ግን ድርግም! ለካ ሲያስተላልፍ 5 ወይም 6 አምፔር ይስባል። ወፍራም ሽቦ ስቀይርለት ተስተካከለ። አንቴናው ሳይታሰር ደግሞ ቁልፉን እንዳትነካ፣ ሬድዮውን ሊያቃጥለው ይችላል።

የአደጋ ጥሪ ቻናል 16 ነው። ዳር ላይ ከፍቶ የሚጠብቅህ ሰው ከሌለ ግን ለራስህ ነው የምትጮኸው፤ አንድ ሬድዮ ለቤተሰብ ተውላቸው። የፈቃዱን ነገር ከመግዛትህ በፊት የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን ጠይቅ።