«ከመቶ 131 እንዴት ይመጣል?»

ጥያቄ፦

እትዬ፣ እንደምን ከረሙ? የምንኖረው ቨርጂኒያ፣ ፌርፋክስ አውራጃ ውስጥ ነው። ልጄ ሁለተኛ ክፍል ናት። ባለፈው ሳምንት የፈተና ውጤት ተላከልን፤ በቃላት 104፣ በቅርጾች 131 ይላል። ባለቤቴ «ከመቶ 131 እንዴት ይመጣል? ተሳስተው ነው» ብሎ ወረቀቱን ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፎ ተወው። ጎረቤቴ ግን ልዩ ተሰጥኦ ያላቸውን ልጆች ለሦስተኛ ክፍል የሚመርጡት በዚህ ፈተና ነው አለችኝ። እርሷ ልጇን ሁለት ወር ሙሉ የመለማመጃ መጽሐፍ አስጠንታዋለች። የእኔ ልጅ የእንግሊዝኛ ድጋፍ ከሚሰጣቸው ልጆች ጋር ስለሆነች አይቀበሏትም ትላለች፤ ቤት ውስጥ አማርኛ መናገር እንድናቆምም መክራኛለች። ስለ ልጄ ብዙ የምለው የለኝም። ጨዋ ናት፤ ታዛዥ ናት። ሐኪም ቤት ለአያቷ ታስተረጉማለች፤ አንዳንዴ የራሷን እየጨመረች ታሳፍረኛለች። በቀደም አያቷ «እግሬን ይወረኛል» ቢሉ «ጉንዳን የሚሄድባት ይመስላታል» ብላ ተረጎመች። ዶክተሩ ሳቀ፣ እኔ ተሸማቀቅሁ። ምን ላድርግ?

የሁለት ልጆች እናት

መልስ፦

እኅቴ፣ በመጀመሪያ ያንን ወረቀት ከማቀዝቀዣው ላይ አውርጂና ከልደት የምስክር ወረቀቷ ጋር አስቀምጪው።

በባለቤትሽ አልፈርድም። ሁላችንም ያደግነው «ከመቶ ስንት?»፣ «ከክፍሉ ስንተኛ?» እየተባልን ነው። ይህ ቁጥር ግን ከመቶ የሚታሰብ አይደለም። ልጅሽ የተፈተነችው ኮግኣት የሚባለው የማሰብ ችሎታ ፈተና የእኩዮቿን አማካይ 100 አድርጎ የሚለካ ነው። 131 ማለት ከመቶ እኩዮቿ መካከል ዘጠና ሰባት ያህሉ ከእርሷ በታች ናቸው ማለት ነው። 104ም ቢሆን ከአማካዩ ትንሽ ከፍ ያለ እንጂ የሚያሳፍር አይደለም። እኔ ብሆን ዓይኔን የምጥለው በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ባለው ርቀት ላይ ነው። የቅርጾቹ ክፍል ከመመሪያው በቀር ቋንቋ አይፈልግም። በቃላቱ ክፍል ግን በአንዳንዱ ጥያቄ መምህሩ በእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ያነባል፣ ልጁ የሚስማማውን ሥዕል ይመርጣል። ከምታውቃቸው ቃላት ግማሹ በአማርኛ ለሆነ ልጅ እንዲህ ያለ ልዩነት ያለ ነው።

ጎረቤትሽ «በዚህ ፈተና ነው የሚመርጡት» ያለችሽ ግማሽ እውነት ነው። በፌርፋክስ የልጁ ጠቅላላ ማኅደር ነው የሚታየው፦ የአንደኛና የሁለተኛ ክፍል ፈተናዎች፣ የክፍል ሥራዎቿ ናሙና፣ የትምህርት ውጤቷ፣ መምህሯ የምትሞላው መመዘኛ፣ ወላጅ የሚሞላው መጠይቅ። ከአንድ በላይ የሆኑ ባለሙያዎች ያነቡትና ይወስናሉ። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ደግሞ ውጤቱ ከራሷ ትምህርት ቤት ልጆች ጋር እየተነጻጸረ ከፍ ያሉት በቀጥታ ለግምገማ ይቀርባሉ። ስሟ በዚያ ዝርዝር ውስጥ ባይኖርም አንቺ ራስሽ ልጅሽን ማቅረብ ትችያለሽ። ቅጹ የሚመለሰው እስከ ዲሴምበር 15 ነበር፤ በእኛ ታኅሣሥ 6 መሆኑ ነው። የዘንድሮውን ቀን ከትምህርት ቤቱ አረጋግጪ፣ ግን ነገ ዛሬ አትበዪ። የእኔ የበኩር ልጅ ቅጽ በጥር ወር ከቦርሳው ሥር ተጨማድዶ፣ የሙዝ ልጣጭ ተለጥፎበት ነው የተገኘው። ጥፋቱ የማንም አልነበረም፣ የእኔ ነበር፤ ያኔ ወላጅ ማመልከት እንደሚችል እንኳ አላውቅም ነበር።

የእንግሊዝኛ ድጋፍ ማግኘቷ አይከለክላትም። እንዲያውም ፍሎሪዳ ውስጥ ብሮዋርድ በሚባል አውራጃ የሆነውን ልንገርሽ። ቀድሞ ልጆች የሚፈተኑት መምህር ወይም ወላጅ ሲጠቁማቸው ብቻ ነበር። በ2005 ሁሉንም የሁለተኛ ክፍል ልጆች መፈተን ተጀመረ። ዴቪድ ካርድና ላውራ ጁሊያኖ የተባሉ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች መረጃውን ሲመረምሩ በተሰጥኦ ክፍል የሚገቡ የጥቁሮች፣ የሂስፓኒኮችና የድሆች ልጆች በእጅጉ ጨምረው ተገኙ። ልጆቹ ያው ልጆች ናቸው፤ ቀድሞ የጠቆማቸው ሰው ጠፍቶ ነው እንጂ። በኋላ በጀት ሲያጥር ፈተናው ቆመ፣ ቁጥሩም ተመልሶ ወረደ።

ስለዚህ በእኛ ሠፈር ነገሩ የሚበላሸው በጥቆማው ላይ ነው። አሥራ ስምንት ዓመት በረዳት መምህርነት ስሠራ የእኛ እናቶች የሚሞሉትን መጠይቅ ብዙ ጊዜ አስተርጉሜያለሁ። «ልጅዎ በምን ይለያል?» ለሚለው ጥያቄ «ጨዋ ነው፣ ትልቅ ሰው ያከብራል» ብለው ይጽፉና እስክሪብቶውን ያስቀምጣሉ። ገሚሷ የራስን ልጅ ማመስገን ነውር ሆኖባት ነው። ገሚሷ ዓይን ፈርታ ነው፤ አንዷ እንዲያውም «አትጻፊው፣ ይቆጠርበታል» ብላ እጄን ይዛኛለች። አልሳቅሁባትም፣ እኔም የዚያው አገር ልጅ ነኝ። ግን ገምጋሚው ከዚህ መልስ ልጁ እንዴት እንደሚያስብ ምንም አያገኝም። መምህሯም በበኩሏ ትልቅ ሰው ሲናገር አንገቷን የምትደፋ ዝምተኛ ልጅ ነው የምታየው። ከሁለት ወገን ዝምታ ከተጻፈ ማኅደሩ ባዶ ነው።

አሁን ወደ ጉንዳኑ እንመለስ። ልጅሽ የራሷን አልጨመረችም። «ይወረኛል» ለሚለው ቃል እንግሊዝኛውን አላገኘችውም፤ ስለዚህ አያቷ የሚሰማቸውን ነገር በልቧ አስባ፣ ዶክተሩ ሊያየው በሚችል ሥዕል ለወጠችው። ሰባት ዓመቷ ነው! መጠይቁ ላይ የምትጽፊው ይህንን ነው፦ ቀኑን፣ አያቷ ያሉትን፣ እርሷ ያለችውን። «ጎበዝ ናት» የሚል ቃል ጨርሶ አያስፈልግም። እንዲህ ያለ ሁለት ሦስት ነገር ፈልጊ። ምን ፈትታ ገጣጠመች? በየትኛው ጥያቄ አሰለቸችሽ? የምን ጨዋታ ሕግ ለውጣ ታናሿን አስለቀሰችው? ለመምህሯም ይህንኑ ንገሪያት። እንግሊዝኛው ከከበደሽ የአማርኛ አስተርጓሚ ጠይቂ፤ መብትሽ ነው፣ ውለታ አይደለም።

አማርኛውን አትንኩት። ያ የጉንዳን ትርጉም የመጣው ሁለት ቋንቋ ስላላት ነው። አማርኛ ቢቀር አያቷ ለማን ይናገራሉ?

የመለማመጃ መጽሐፉን በተመለከተ፣ የጥያቄውን መልክ እንድታውቀው አንድ ሁለት ቀን ማሳየት አይጎዳም። ሁለት ወር ማስጠናት ግን ለሰባት ዓመት ልጅ ቅጣት ነው። የአንቺ ልጅ ደግሞ ተፈትናለች፣ አልቋል።

ሜሪላንድ ያሉ ዘመዶችሽ ሌላ ነገር ቢነግሩሽ አትደናገሪ። በሞንትጎመሪ አውራጃ ምርጫው ለአራተኛ ክፍል ሲሆን፣ ከወረርሽኙ ወዲህ ብቁ ከሆኑት መካከል በዕጣ ሲያስገቡ ነበር። እዚያ ያልገባ ልጅ ዕጣ አልወጣለትም ማለት ብቻ ሊሆን ይችላል።

ካልተመረጠችስ? ውሳኔው የሚመጣው በጸደይ ነው፤ ይግባኝ አለው፣ በሚቀጥለው ዓመትም እንደገና ማመልከት ይቻላል። በራሷ ትምህርት ቤት በተወሰነ ሰዓት የሚሰጥ የላቀ ትምህርትም ስላለ እርሱን ጠይቂ። ለባለቤትሽ ደግሞ ይህን ንገሪው፦ በ1920ዎቹ ሉዊስ ተርማን የተባለ የሥነ ልቦና ሊቅ ካሊፎርኒያ ውስጥ ከሺህ በላይ ባለተሰጥኦ ልጆችን በፈተና መርጦ ዕድሜ ልካቸውን ተከታተለ። ተፈትነው ነጥቡ ሳይሞላላቸው ከቀሩት መካከል ዊልያም ሾክሊና ሉዊስ አልቫሬዝ ይገኙበታል። አንዱ በ1956፣ ሌላው በ1968 በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ወሰዱ። ከተመረጡት ልጆች ኖቤል ያገኘ የለም።

ቅጹን ከሞላሽ በኋላ ከመላክሽ በፊት ለአያቷ አንብቢላቸው። አንቺ የረሳሽውን እርሳቸው ያስታውሱ ይሆናል።